የዛፍ ሥርና ያረጀ እንጨት ፎቶ በወሎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያና ላሊበላ አካባቢ ካሜራ ወይም ስልክ ይዘው ወደ ጫካ፣ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ቦረቦር የሚወጡ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። የሌንስና የርቀት ቁጥሮቹ ሙሉ ፍሬም ካሜራን (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነውን) መነሻ ያደረጉ ናቸው፤ ለሌላ ካሜራ ሲሆን እዚያው ተጠቅሷል።

ዓይኔ ያየው ሸካራነት ፎቶው ላይ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከጀርባዎ ስለሚመጣ ነው። ያረጀ እንጨት ላይ የምናየው ሸካራነት የትንንሽ ጥላዎች ድምር ነው። ስንጥቁ፣ ጭረቱ፣ የተላጠው ቅርፊት ጠርዝ፣ ሁሉም ጥልቀታቸው በሚሊሜትር የሚለካ ጉድጓዶች ናቸው። ጎልተው የሚወጡት አንዱ ጠርዛቸው ብርሃን፣ ሌላው ጥላ ሲይዝ ነው። ሰው በሁለት ዓይኑ ጥልቀትን ያለ ጥላም ይለያል፤ ካሜራ ግን የሚያየው በአንድ ሌንስ ነው፣ ጥላ ካላገኘ ግንዱን ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ስለዚህ ካሜራውን ከቦርሳ ከማውጣትዎ በፊት ጭረቱ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ብርሃኑም በየት በኩል እንደሚመጣ ይዩ። ብርሃኑ ጭረቱን አቋርጦ፣ የግንዱን ፊት ዳሰስ አድርጎ ሲያልፍ እያንዳንዱ መስመር ብቅ ይላል። ጭረቱን ተከትሎ ሲሄድ ግን መስመሮቹ ይዋጣሉ። ብርሃኑ ከግንዱ ፊት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ውጤቱ ያማረ ነው፤ 45 ካለፈ ሸካራነቱ መደብዘዝ ይጀምራል።

ቆሞ የደረቀ ጥድ ጭረቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ የጠዋትም የማታም ፀሐይ ታቋርጠዋለች። ችግር የሚመጣው የወደቀ ግንድ ላይ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተጋደመ ከሆነ ጠዋትና ማታ ይሠራል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተጋደመ ከሆነ ግን ጠዋትም ማታም ፀሐይዋ ጭረቱን ተከትላ ስለምትሄድ፣ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢያምር እንጨቱ ባዶ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ላለው ግንድ ታኅሣሥና ጥርን ይጠብቁ። በእነዚህ ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደሴ ላይ በቀትር ከፍታዋ 55 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርሃኑ በግንዱ ሰሜናዊ ትከሻ ላይ ዳሰስ እያለ ያልፋል፤ ያንን ትከሻ ብቻ ቀርበው ያንሡት።

በስንት ሰዓት ልውጣ?

ወሎ ላይ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ነው። ከወጣች በኋላ በየሰዓቱ ወደ 14 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ዝቅ ያለው ብርሃን እንግዲህ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይም፤ ጠዋት 2፡15 ሲሆን ያልቃል ብሎ ማሰብ ይሻላል። ማታ ደግሞ ከ10፡30 እስከ 12 ሰዓት ነው። ዛፉን በዚያ ሰዓት እየዞሩ መፈለግ ጊዜ ያባክናል። ከአንድ ቀን በፊት ወይም በቀትር ዞረው ይምረጡ፣ በስልክዎ ኮምፓስ የግንዱን አቅጣጫ ይመዝግቡ፣ ለብርሃኑ ሰዓት ቦታው ላይ ይገኙ።

ተራራውንም ማስላት ያስፈልጋል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ስላለች፣ ከጦሳ ግርጌ ያለ ዛፍ የማታውን ብርሃን ቀድሞ ያጣል፤ ጦሳ ምዕራቡን ይዘጋበታል። የጦሳ ምሥራቃዊ ተዳፋት ለጠዋት፣ የአዝዋ በኩል ለማታ ይመቻል።

ከሚያዝያ 11 እና ከነሐሴ 17 ገደማ ጀምሮ ባሉት ጥቂት ቀናት የደሴ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች። ያኔ የቆመ ግንድ ጭረት ከላይ እስከ ታች በብርሃን ይታጠባል። በእነዚያ ቀናት ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ያለ ሥር ይፈልጉ፤ የቆመውን ግንድ ይተዉት።

ጉምና ደመና ሲሆን ልተወው?

በፍጹም። ለሥር እንዲያውም ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሥር ክብ ነው፣ ይደራረባል፣ በመካከሉ ጥልቅ ክፍተት ይተዋል። ፀሐይ ሲመታው የላዩ ይነጣል፣ የክፍተቱ ይጠቁራል፤ በመሀል ያለው ዝርዝር የለም። ቅጠል እየሾለከ የሚያንጠባጥበው የብርሃን ነጠብጣብ ደግሞ የሥሩን ቅርጽ ይቆራርጠዋል፣ በኋላም በማስተካከያ አይጠፋም። ደመና ሲሸፍነው ግን ብርሃኑ ከሰማዩ ሁሉ ስለሚመጣ ሥሩ ተጠቅልሎ የሄደበት መንገድ በሙሉ ይነበባል።

በወሎ ደጋ ሁለት የዝናብ ጊዜ አለ፤ የበልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ የክረምቱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ውድ ነው። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ቀዳዳዎቹ ስለሚሞሉ ብርሃን የሚበትነው ገጽ ይቀንሳል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ቀዩና ቡናማው ይወጣል። ጉዳቱ እርጥብ ቅርፊት ላይ የሚነሣው ነጭ ነጸብራቅ ነው። ለዚህ ፖላራይዘር ፊልተር ይግጠሙና ነጸብራቁ እስኪጠፋ ቀስ ብለው ያዙሩ። ብርሃንን በ1.5 እስከ 2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው) ስለሚቀንስ ያለ ትራይፖድ አይሞክሩት። ነጸብራቁን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትም አያስፈልግም፤ ጥቂት ሲቀር እርጥበቱ ይታወቃል።

ካሜራው የጠቆረ እርጥብ ሥር ሲያይ ጨለማ መስሎት ያበራዋል። ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ዝቅ ያድርጉ።

የትኛው ዛፍ ምን ይሰጣል?

ዛፉን ማወቅ ከሌንስ ምርጫ ይቀድማል፤ እያንዳንዱ የሚፈልገው ብርሃን የተለየ ነውና።

ጥድ፦ ቅርፊቱ በረጅም ጭረት ወደ ታች ይላጣል። መሀለኛው ቀይ እንጨት ምስጥን ስለሚቋቋም ዛፉ ከደረቀ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቆሞ ይኖራል፤ ለዚህ ነው ወሎ ላይ የብር ቀለም ያወጣ እንጨት ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥድ የሚሆነው። የጎን ብርሃንና ከ70 እስከ 100 ሚሜ ሌንስ ይስማማዋል። ጉቶውንም አይለፉት፤ ውጨኛው ፈዛዛ ክፍል በምስጥ ተበልቶ ቀዩ ብቻ ቀርቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ወይራ፦ ሲያረጅ ይጠማዘዛል፣ ሆዱ ይከፈታል። ጭረቱ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም፤ ብርሃኑ በየትም ቢመጣ የሚያቋርጠው ክፍል ይገኛል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው።

ዋርካ፣ ሾላ፣ ባንባና ጭብሃ፦ ቅርፊታቸው በአብዛኛው ለስላሳ ነው። እዚህ ሸካራነት መፈለግ ድካም ነው፤ የሚነሣው ቅርጹ ነው። ሰፋፊ ሥሮቻቸው ከመሬት በላይ ይሄዳሉ፣ ግንዱ ራሱ ከብዙ ሥር የተጠመረ ይመስላል። ጭብሃ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ወፍ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከጣለችው ፍሬ ነው፤ ሥሩን ወደ መሬት ያወርድና ዛፉን ይከበዋል። ሁለቱ ግንዶች የተገናኙበትን መስመር ይፈልጉ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። ባንባ ወንዝ ዳር ስለሚወድ ጎርፍ ያጠበውን ሥሩን ከውሃው በኩል ማንሣት ይቻላል፤ ቢጫ የሚያደላው ቅርፊቱ በደመና ቀን በጣም ያምራል።

አስታ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ አገር የሚገኝ፣ ግንዱ የተጣመመ፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ጺም የሚንጠለጠል ሽበት (ላይክን) የሚይዝ ነው። ጉም ሲገባበት ከጀርባው ያለው ዝብርቅርቅ ሁሉ ስለሚጠፋ ግንዱ ብቻውን ይቀራል።

ኮሶና ዝግባ ሲያረጁ ቅርፊታቸው እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ከሥሩ የሚወጣው አዲስ ቀለም ከአሮጌው ጋር ሲገናኝ ጥሩ ምስል ይሆናል። ግራር በቆላው፣ በተለይ በቃሉና በባቲ በኩል፣ ቦረቦር አጥቦ ያወጣውን ሥር ያሳያል። ባሕር ዛፍን ብዙዎች ይንቁታል። ቅርፊቱ ሲላጥ ግን ከሥሩ አረንጓዴ፣ ግራጫና ክሬም ቀለም ጎን ለጎን ይወጣል፣ ለደሴ ሰው ደግሞ ከደጁ አይርቅም።

የት ልሂድ?

ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሣ የጎፍ ደን ቅርብ ነው፤ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ በአንድ ቦታ ይገኛሉ። ዳገቱ ላይ በእግር የተረገጠ መንገድ ሁሉ ሥር ያወጣል። የቦርከና ወንዝ ዳር፣ ደሴን ካለፈ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ጎርፍ የገፈፈውን ሥር ለማየት ይመቻል፤ ፕላስቲክ ስለሚበዛበት ግን ፍሬሙን ማጥበብ ግድ ነው።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃው የደረሰበትና የሸሸበት ዳር ላይ እርጥብና ደረቅ እንጨት ጎን ለጎን ይገኛል። የሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ግቢው አይገቡም፤ ከግቢው ውጭ ያለው የሐይቁ ዳር ግን ለሁሉም ይበቃል።

ከላሊበላ የሚነሣ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ይምርሃነ ክርስቶስ ነው፤ ዙሪያው ጥድ አለ። በዋሻው ውስጥ ያለው ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን፣ ዝናብና ፀሐይ ያላገኘው እንጨት ከዘመናት በኋላ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ከደጅ ያለውን የብር ቀለም ጥድና በዋሻው የተጠለለውን እንጨት አንድ ላይ ማቅረብ ጠንካራ ሥራ ይሆናል። ሁለተኛው አቡነ ዮሴፍ ነው፤ ከፍታው ከ4,200 ሜትር ያልፋል። አስታና የደረቀ የጅብራ ግንድ የሚነሣው እዚያ ነው። በደቡብ ወሎ በኩል ደግሞ በቦረና ሳይንት ያለው የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ርቀቱ ለአንድ ቀን ጉዞ አይሆንም፣ ማደሪያ አዘጋጅተው ይሂዱ።

ግሸን መስከረም 21፣ ላሊበላ ታኅሣሥ 29 ሰው ስለሚጎርፍባቸው በዚያ ሰሞን ለዛፍ ብለው አይሂዱ።

የትኛው ሌንስ? ቅንብሩስ?

50 ሚሜ ብቻ ካለዎት ይበቃል። ሰፊ ሌንስ፣ ለምሳሌ 24 ሚሜ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሥር ያገዝፍና ግንዱን ያቀጥነዋል። ይህ አንዳንዴ የሚፈለግ ነው፤ ሥሩ ወደ ተመልካቹ እየመጣ እንዲመስል ያደርጋል። የዛፉን እውነተኛ ግዝፈት ለማሳየት ግን ወደኋላ ራቅ ብሎ በ35 ወይም በ50 ሚሜ ማንሣት ይሻላል።

መነሻ ቅንብር፦ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11፣ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) የደረሰበት ይድረስ፣ ትራይፖድና የ2 ሰከንድ ቆጣሪ። እንጨት ስለማይንቀሳቀስ አንድ ሰከንድም ቢሆን ችግር የለውም፤ ፍሬሙ ውስጥ ቅጠል ወይም ተንጠልጣይ ሽበት ካለ ግን ነፋስ ስለሚያደበዝዘው ሻተሩን ከ1/125 አያዘግዩ፣ ካስፈለገ አይ ኤስ ኦ ወደ 400 ወይም 800 ይውጣ። ከኤፍ 16 በላይ መዝጋት አይጠቅምም፤ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል፣ ለሸካራነት ብለው የወጡበት ነገር ይጠፋል።

ትራይፖዱ እርጥብ አፈር ላይ ከቆመ እግሮቹን ወደ ታች ጫን ያድርጓቸው፤ በረጅም ሻተር መካከል ቀስ እያሉ ሲሰምጡ ፎቶው ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም ሳይታወቅ ይቀራል። የሌንሱን ማረጋጊያም ያጥፉት።

የፊቱ ጥርት ይልና የኋላው ይደበዝዛል። ምን ላድርግ?

ጥርት የሚለው ክልል ከምታስቡት በላይ ጠባብ ነው። 100 ሚሜ ሌንስ በግማሽ ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 8 ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ኤፍ 16 ቢያደርጉት እንኳ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

የመጀመሪያው መላ ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ካሜራውን ከእንጨቱ ፊት ጋር ትይዩ ማድረግ። ጠፍጣፋ ጉቶ ወይም የተሰነጠቀ ግንድ ላይ ይህ ብቻ ችግሩን ይፈታል። የካሜራውን ጀርባ ከጎን ሆነው ይዩት፤ ከግንዱ ጋር እኩል ካልሆነ አንዱ ጫፍ ይደበዝዛል።

ቅርጹ ወጣ ገባ ከሆነ ግን የተለያየ ፎከስ ያላቸው ፎቶዎች አንሥቶ በኮምፒውተር ማዋሐድ ያስፈልጋል። 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው የሥር ቋጠሮ፣ በኤፍ 8፣ ከ11 እስከ 12 ፎቶ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው ጋር ሲሶውን ያህል መደራረብ አለበት። ከቅርቡ ጀምረው ወደ ሩቁ ይሂዱ፣ ኤክስፖዠሩና ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) በእጅ የተቆለፈ ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፀሐይ በደመና መካከል እየገባች እየወጣች ስለምትቀያየር ነው፤ ውህዱ ላይ ያልተጠበቀ ቀለበት ይታያል። እንዲህ ሲሆን ደመናው እስኪሸፍን ጠብቆ እንደገና መጀመር ነው።

ሥሩንና ጫካውን አንድ ላይ በሰፊ ሌንስ ሲያነሡ፦ 24 ሚሜ፣ ኤፍ 11፣ ፎከሱ 1.75 ሜትር ላይ። ከ90 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ይጠራል። አነስ ያለ (ኤ ፒ ኤስ-ሲ የሚባል) ሴንሰር ባለው ካሜራ 16 ሚሜ፣ ኤፍ 11፣ 1.2 ሜትር።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይሆናል?

ይሆናል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የጣት ቅባት ብርሃኑን ስለሚበትን የሸካራነት ጠላት ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ ያለውን ባለ 2 ሜጋፒክስል የማክሮ ካሜራ ይተዉት፤ በዋናው ካሜራ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለው አንሥተው መቁረጥ ይሻላል። ፎከሱን የሚፈልጉት ቦታ ላይ በጣት ተጭነው ይቆልፉ፣ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ታች ይሳቡ።

የጎን ብርሃን ከሌለ የሌላ ስልክ ባትሪ ወይም የእጅ ባትሪ ከእንጨቱ ጎን፣ ዝቅ አድርገው፣ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ራቅ ብለው ያብሩ። የራሱ የስልኩ ፍላሽ ግን ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ጥላውን በሙሉ ይገድላል፤ ሁልጊዜ የጠፋ ይሁን።

ፀሐይ በጣም ሲበረታ ነጭ ነጠላ ሁለት እጥፍ አድርጎ በሥሩና በፀሐይ መካከል መዘርጋት ደመናን ይተካል። ጥልፉ ጥላ እንዳይጥል መሀሉን ይጠቀሙ። የጠቆረውን ጎን ለማብራት ካርቶን ላይ የተለጠፈ የአሉሚኒየም ፎይል ይበቃል።

ጥላ ውስጥ ያነሣሁት ለምን ሰማያዊ ሆነ?

በጠራ ሰማይ ጥላው የሚበራው በሰማዩ ሰማያዊ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ ይበረታል። ግራጫ እንጨት የራሱ ቀለም ደካማ ስለሆነ የሌላውን ቶሎ ይወስዳል። ዋይት ባላንሱን በእጅ ከ7,000 እስከ 8,000 ኬልቪን አድርገው ይሞክሩ፣ ወይም ግራጫ ካርድ ከእንጨቱ አጠገብ አስቀምጠው አንድ ፎቶ ያንሡ። አረንጓዴ ቅጠል ሥር ሲሆን ግን ችግሩ ሰማያዊ አይደለም፤ አረንጓዴ ይዞ ይመጣል፣ የሚስተካከለው በማጀንታ ነው።

እንጨት ግራጫ የሚሆነውና የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?

የእንጨቱን ክሮች አጣብቆ የያዘው ሊግኒን በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይፈርሳል፤ ዝናብ ያጥበዋል። የሚቀረው ሴሉሎስ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ደረቅ ቦታ ላይ ብር ይመስላል፣ እርጥብ ቦታ ላይ ሻጋታ ስለሚገባበት ይጠቁራል። ስለዚህ የአንድ ግንድ ሁለት ጎን ሁለት ቀለም ቢያሳይ አይግረምዎ፤ ሁለቱንም የሚያሳየውን ማዕዘን ይፈልጉ።

ስንጥቁ ደግሞ የሚመጣው እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚቀንሰው ከመሀል ወደ ውጭ ከሚቀንሰው እጥፍ ያህል ስለሆነ ነው። ውጥረቱን መቻል ሲያቅተው ከውጭ ወደ መሀል ይሰነጠቃል። ጉቶ ላይ ስንጥቆቹ ከዳር ተነሥተው ወደ መሀል የሚዘረጉት ለዚህ ነው፤ መሀሉን የፍሬሙ አንድ ሦስተኛ ላይ ማስቀመጥ ስንጥቆቹ የሚሄዱበትን ቦታ ይሰጣቸዋል። ኩብ ኩብ ሆኖ የተቆራረጠ ቡናማ እንጨት ካገኙ ግን ፈንገስ ያበሰበሰው ነው፤ ሲነኩት ስለሚፈርስ ከርቀት ያንሡ።

ቅጠል መጥረግ፣ ውሃ መርጨት፣ ቅርፊት መላጥ ይቻላል?

የወደቀ ቅጠልና ፕላስቲክ ማንሣት ይቻላል። ቅርፊት መላጥና ሽበት መፋቅ ግን አይቻልም። ቅርፊቱ የዛፉ መከላከያ ነው፤ ሽበቱም በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ በአንድ ደቂቃ የተፋቀው ለዓመታት አይመለስም። የወጣ ሥር ላይ አይቁሙ፤ ቅርፊቱ ሲቆስል በሽታ ይገባበታል። ውሃ መርጨት ዛፉን ባይጎዳም ውጤቱ ይታወቃል፤ ጠብታው እኩል እኩል ሆኖ የላዩን ብቻ ስለሚያረጥብ የዝናብ አይመስልም። ዝናብን መጠበቅ ይሻላል።

ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን ነው?

እንደ ቦታው ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ ከደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ከቄሰ ገበዙ። መስጊድ አጠገብ ወይም የሙስሊም መቃብር ውስጥ ያሉ ዛፎች ከሆኑ ከሼኹ ወይም ከአካባቢው ሽማግሌዎች፤ መቃብር ላይ አይረገጥም፣ ትራይፖድም አይተከልም። ከንክኪ ነጻ የተከለለ ተራራ ከሆነ የደን ጠባቂውንና ቀበሌውን። ከከተማ ርቀው ሲሄዱ በማንኛውም ሁኔታ ቀበሌውን አስቀድመው ማሳወቅና የአካባቢ ሰው ይዘው መሄድ ይበጃል።

ትልቅ ዋርካ ሥር ሽማግሌ የሚሸመግልበት፣ ወይም አድባር ተብሎ ቅቤ የሚቀባ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ግንዱ ላይ ቅቤ፣ ቄጠማ ወይም የታሰረ ክር ካዩ አይንኩ፣ ሳይጠይቁም አያንሡ። አጠገቡ ያሉትን አዛውንት ሰላም ብለው «አባባ፣ ይቺን ዛፍ ፎቶ ላነሣት ነበር፤ ይፈቀድልኛል?» ማለት በቂ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፣ የዛፏም ታሪክ ይነገርዎታል። እምቢ ካሉም አመስግኖ መሄድ ነው።

ምን ምን አደጋ አለ?

ቦረቦር ጫፍ ላይ ያለ ሥር ሲያነሡ ከጫፉ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቁ። ከታች ባዶ ሆኖ ከላይ ሣር የያዘ ጫፍ ጠንካራ ይመስላል፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ ይናዳል። ከቦረቦሩ ውስጥ ሆነው ሲያነሡም ከተንጠለጠለው አፈር ሥር አይቁሙ። ወንዝ ውስጥ ከገቡ ከላይ ደጋው ላይ ደመና መኖሩን ይዩ፤ እርስዎ ያሉበት ፀሐይ ሆኖ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።

ሆዱ የተከፈተ ወይራ ውስጥ እጅ ከመስደድዎ በፊት በባትሪ ይዩ፤ እባብ ወይም ንብ ይኖራል። የንብ ድምፅ ከሰሙ ይተዉት። በእርጥብ ወቅት ሥር ላይ የጉንዳን መንገድ አለመኖሩን ሳያረጋግጡ አይንበርከኩ። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ይጎዳል፤ ደረቅ የሚመስለውንም አይስበሩ።

ለካሜራው፦ ከደጋ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ሙቀት ሲወርዱ ቦርሳውን ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ አለበለዚያ ሌንሱ ላይ እርጥበት ይቋጥራል።

የወጣ ሥር ፎቶ አፈሩ መሸርሸሩን ሊያሳይ ይችላል?

አዎ፣ በሥርዓት ከተነሣ። የዛፉ ግንድ ወደ ሥር ሲሰፋ የሚጀምርበት አንገት አለ፤ ዛፉ ሲበቅል የአፈሩ ከፍታ እዚያ አካባቢ ነበር። ከአንገቱ እስከ አሁኑ መሬት ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ፣ ሜትሩም ፎቶው ውስጥ ይታይ። ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ሰኔ መጀመሪያና መስከረም መጨረሻ፣ ከአንድ ቦታ ሆነው ያንሡ። የቆሙበትን ቦታ በማይነቃነቅ ድንጋይ ምልክት ያድርጉ፤ የሌንሱ ርዝመት፣ የካሜራው ከፍታ (ለምሳሌ 1.5 ሜትር) እና አቅጣጫው አይቀየር። አሮጌውን ፎቶ በስልክ ይዘው እያመሳከሩ ፍሬሙን ማስተካከል ይረዳል። ሌንስ ከተቀየረ ንጽጽሩ ዋጋ ያጣል፤ አፈሩ የቀነሰ ወይም የጨመረ ይመስላልና።

ማስተካከያ ላይ ምን ያህል ልሂድ?

በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) ያንሡ። ስናፕሲድ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ ያለውን ስትራክቸር (ሸካራነትን የሚያጎላ ማስተካከያ) ከ15 እስከ 20 ባለው ያቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይወጣል፣ እንጨቱ ብረት ይመስላል። ለሸካራነት የሚሻለው ብርሃን የያዘውን ጠርዝ ትንሽ ማብራት፣ ስንጥቁን ትንሽ ማጥቆር ነው፣ በብሩሽ፣ በየቦታው። ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀይሩ ለእርጥብ ጥድ ቀዩን ከፍ ያድርጉ፤ የብር ቀለም ላለው ግን ቀለሙ ትንሽ ስለሆነ ለውጡ አይታይም።

ለማሳተም፦ ኤ3 በ300 ዲ ፒ አይ ከ17 ሜጋፒክስል በላይ ይፈልጋል። ወረቀቱ የማያብረቀርቅ ይሁን።

መግለጫው ላይ የዛፉን ዕድሜ ቀለበት ቆጥሬ ልጻፍ?

አይጻፉ። በልግና ክረምት ባለበት አገር ዛፍ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊያወጣ ይችላል፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ሊጎድል ይችላል። ዕድሜውን የአካባቢው ሰው ከነገረዎት «እንደ አካባቢው አባቶች» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ውጭ የዛፉ ስም፣ ቦታው፣ ወሩ፣ ሰዓቱና የብርሃኑ አቅጣጫ ይበቃል፤ ለምሳሌ፦ «ቆሞ የደረቀ ጥድ፣ የጎፍ ደን፣ ደቡብ ወሎ፣ ታኅሣሥ፣ ጠዋት 1፡20፣ ብርሃን ከግራ።»